የመሐንዲሱ መኪናና የላቀች ጆሮ

ባለፈው እሑድ አንዲት ጣራዋ የሚገለጥ አረንጓዴ መኪና ሙሽሮች ይዛ በቆቦ አለፈች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ የድሮ የሩጫ መኪና ናት። ለሰርጉ ከደሴ ተከራይተዋት ነው አሉ። ከፊቷ ባጃጆች ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ከኋላዋ ሚኒባሶች ተሰልፈዋል፤ የሷ ጩኸት ግን የሁሉንም ውጦታል። ሙሽራዋ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሙሽራው ጆሮውን አስጠግቶ «እ?» ይላል። ትደግምለታለች። አሁንም «እ?» ይላል።

«የእግር መርገጫው ቀዳዳ አልተደፈነም» አልኩ።

አጠገቤ የቆመችው የልጅ ልጄ ሳቀች። «እምዬ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

ሳቋ አናደደኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። በማግስቱ ደብተር አስገዝቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እንደዚያች ያለች መኪና ወጣት ሳለሁ ቆቦ መጥታ ነበር። እኔም በሷ ሰበብ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ፍርድ አጉድያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አጎቴ አያ ምስጋናው አውራ ጎዳናው ዳር የጭነት መኪና ሸራና የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ቤት ነበረው። የምንሠራለት ሁለት ነበርን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ ላቀች። የላቀች አባት ወደ አፋር ወርዶ ጨው የሚያመጣ ባለ ግመል ነበር። እሷም በልጅነቷ ከግመሎቹ ኋላ እየተከተለች ብዙ መንገድ ሄዳለች። አባቷ ሲሞት አያ ምስጋናው ወስዶ ከኔ ጋር አሳደጋት። አንድ ገበታ በላን፣ አንድ መደብ ላይ ተኛን።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማካፈል ላይ ክፉ ነኝ። ጥንቅሽ ስንካፈል በክንድ መለካት አልበቃኝ ብሎ አንጓውን እቆጥር ነበር። ለላቀች ስድስት አንጓ ደርሷት ለኔ አምስት ከደረሰኝ ቤቱ አይበቃንም። እሷ ግን «ውሰጂው፣ የታችኛው ይጣፍጣል» ብላ ስድስቱን ትሰጠኝና አምስቱን ትወስዳለች። ይህም ያናድደኛል። የታችኛው የሚጣፍጥ ከሆነ ለምን ለኔ ሰጠችኝ?

በዚያ ቤት ማዕረግ ማለት መቀስ ነበር። መቀስ የያዘ ይለካል፣ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። ሌላው አጎንብሶ የተቆረጠለትን ይሰፋል። የአያ ምስጋናው ዓይን እየደከመ ስለ መጣ መቀሱን ከሁለት አንዳችን እንደምንይዘው እናውቅ ነበር። በዕድሜ በስድስት ወር እበልጣታለሁ። ሸራ ጠቅልዬ ብቻዬን እሸከማለሁ። ስለዚህ መቀሱ የኔ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር።

መሐንዲሱ የመጣው በኅዳር፣ ማሽላው እየታጨደ ሜዳው ሁሉ የደረቅ ቅጠል ሽታ በሚሸትበት ሰሞን ነው። መንገድ ሊያስጠግን የተመደበ የደሴ ሰው ነበር። መኪናዋን ደጃችን ላይ አቁሞ ሲወርድ ጆሮውን በጣቱ እየቆፈረ ነበር።

«ጣራው ተቀዷል፣ ይሰፋልኝ» አለ። «ደግሞ እባክዎ አያ ምስጋናው፣ ጩኸቷን ቀንሱልኝ። ባለፈው እጮኛዬን ከደሴ ይዤ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ስታወራኝ አንድ ቃል አልሰማሁም። ቆቦ ስንደርስ ‹ታዲያ መልስህ ምንድን ነው?› አለችኝ። ጥያቄውን ሳላውቀው ‹እሺ› አልኳት።»

«ምን ኖሯል የጠየቀችህ?»

«‹እናቴ አብራን ትኑር ወይ?› ነው።»

አያ ምስጋናው እስኪያስለው ሳቀ። «በል እንግዲህ፣ ዙሪያዋን ጥጥ እንጠቀጥቅባታለን፤ ያልቃል።»

«የለም፣ የለም! አንድ ኪሎ እንዳትጨምሩባት። ሞተሯ ትንሽ ነው፤ ያላት ሀብት ቅለቷ ብቻ ነው። ሩጫዋን ከምትነኩብኝ ደንቆሮ ሆኜ ልቅር።»

አያ ምስጋናው ራሱን አከከ። ጩኸት የሚያፍን ነገር ሁሉ ከባድ ነው፤ ይህን ከሸራ ጋር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ቀላል ሆኖ የሚያፍን ከየት ይመጣል? መሐንዲሱ ግን መጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚነሳ አንድ ሰው አብሮት ተቀምጦ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ሮቢት ይስማ አለ። ሁለታችንንም ተመለከተን። እኔ መቀነቴን ማጥበቅ ጀምሬ ነበር።

«ቀጭኗ ትምጣ» አለ።

ቀጭኗ! ቃሏ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ያን ሁሉ ሸራ የሚሸከም ትከሻዬ በአንድ ቃል ነውር ሆነ። ላቀች ገብታ ተቀመጠች፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናዋ እያጓራች ወጣች። ባለ ሱቆቹ ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። ጎረቤታችን ሽንኩርት ሻጯ እትዬ ዘሪቱ «የሺ፣ አንቺን ለጭነት መኪናው አቆይተውሽ ነው?» አለችኝ። ስፌቴ ላይ አጎንብሼ መርፌውን ጣቴ ውስጥ ሰካሁት።

ላቀች ስትመለስ ፊቷ አቧራ ለብሶ ዓይኗ ያበራ ነበር። አያ ምስጋናው ምን ሰማሽ ቢላት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ቆጠረች። «አንዱ እግራቸውን ከሚያሳርፉበት ከፊት ይገባል። አንዱ ከወለሉ ሥር ብረት ከብረት ይፋተጋል። አንዱ ከበሩ ምላስ ነው። ሌላው ሁሉ የነዚህ ልጅ ነው።»

የነዚህ ልጅ! እንዴት ያለ አነጋገር ነው? አያ ምስጋናው በአድናቆት ሲያያት አየሁት። መቀሱ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነም ገባኝ። ዘልዬ ተነሳሁ።

«አያ፣ ይህ ፍርድ አይደለም» አልኩ። «እሷ ተቀምጣ ሰማች፣ እኔ አልሰማሁም። ሁለታችንም እንሞክር። የወጣው ዕቃ ሁሉ በሚዛን ይመዘን፤ የሚገባውም ይመዘን። ከወጣው የበለጠ ያስገባች ትሸነፍ።»

አያ ምስጋናው መሐንዲሱን አየው፤ መሐንዲሱም ሳቀ። ከእህል ነጋዴው ሚዛን ተዋስን፤ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። «ይሁን» አለ አያ ምስጋናው። «የተሻለ ያደረገች መቀሱን ትያዝ። ከዚያ በኋላ ግን ጭቅጭቅ አልሰማም፣ የሺ። ሰምተሻል?»

የጣራውን ቀዳዳ አብረን ሰፋን፤ ለጩኸቱ ግን መጀመሪያ እኔ ሠራሁ። ያሰብኩት ነገር ዛሬም ቢሆን መጥፎ አይመስለኝም። የደረቀ የማሽላ አገዳ ስትልጪው ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፣ ክብደትም የለው። አንድ ቀን ሙሉ ልጬ፣ በስስ አቡጀዴ ሰፍቼ፣ ወለሉንና በሮቹን በሙሉ አለበስኩት። ሚዛን ላይ ሲወጣ ሳህኑ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ዘሪቱ እንኳ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች።

ከመሐንዲሱ ጋር ወደ ሮቢት ወጣን። የዚያን ቀን ደስታዬን አልክድም። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፈፈው፤ ሜዳው በሁለት በኩል ቢጫ ሆኖ ይሮጣል፤ አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ቀና ይላሉ፤ የሚያቃጥለው ፀሐይ እንኳ በፍጥነቱ ቀዝቅዟል። ከከተማው እንደወጣን አስፋልቱ የተቦደሰበት ደረስንና መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ያኔ አገዳዬ መናገር ጀመረ። ኳሽ ኳሽ፣ ኳሽ ኳሽ! ከእግራችን ሥር፣ ከጎናችን፣ ከጀርባችን። የሞተሩ ጩኸት እንዳለ አለ፤ ይህ ተጨመረበት።

መሐንዲሱ እያየኝ ጮኸ። «ከፊት ሞተር፣ ከኋላ አገዳ የሚበላ በሬ ጭኜ የምሄድ መሰለኝ!»

ይህን ቀልድ ቆቦ ተመልሶ ለሁሉም ነገራቸው። ሳቁ። ላቀች አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አገዳዬ ወጥቶ ተራው የሷ ሆነ። እኔ ብዙ ስጨምር የዋልኩትን እሷ በማውጣት ጀመረች። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን አሮጌ ምንጣፍ ብሎኖቹን ፈታ አነሳችው። ከሥሩ የስንት ዘመን ዘይትና አቧራ የጠጣ ወፍራም ድሪቶ ነበር። ብቻውን ሚዛኑን መሬት አስነካው። በሱ ፈንታ የደጋ ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቆርጣ አንድ ስስ ድርብ አነጠፈች። ከዚያ ሰምና የበግ ፀጉር በእጇ እያሸች እንደ ሊጥ አቦካች። ከሞተሩ በኩል ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ፣ ሽቦውም ሁሉ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በጣቷ እየዳሰሰች ደፈነች። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ወለሉን የሚነካበትን ቦታ አግኝታ ማንጠልጠያውን አሳጠረች። በበሩ ምላስ ላይ የጥፍር ያህል ለስላሳ ቆዳ አሰረች። በየመካከሉ ላሜራውን በጣቷ አንጓ ቆርቆር እያደረገች ጆሮዋን ትጥላለች።

«ይኸው ነው?» አልኳት። «ይቺን ይዘሽ ነው ያን ሁሉ ጩኸት የምታቆሚ?»

«ድምፅ እንደ አይጥ ነው፣ የሺ» አለችኝ፣ እጇ ሰም እንደሆነ። «አይጥ ገባ ብለሽ ጎተራውን አታወፍሪውም። ቀዳዳውን ትፈልጊያለሽ እንጂ።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ግመል ተጭኖ ሲሄድ ከኋላው እየተከተልሽ ጭነቱን ትሰሚያለሽ። ሲጥ ካለ የሚፋተግ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሳይመሽ ጀርባው ይቆስላል። ‹የሚጮህ ጭነት ጀርባ ይልጣል› ይለን ነበር። ታዲያ ሲጮህ ጨርቅ አትጨምሪበትም፤ አስቁመሽ የሚነካካውን ታለያይዋለሽ።»

የገባው ሁሉ ሲመዘን ከወጣው ሩቡን እንኳ አልሞላም። መኪናዋ ከመጣችበት ቀን ይልቅ ቀለለች። ያመጣሁት ሚዛን ለሷ መሰከረላት።

ምቀኝነት እንዴት እንደሚጀምር ሰዎች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ከልብ ይላሉ። የኔ የጀመረው ከእጄ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አያ ምስጋናው ቤት ገባ፤ ላቀች ሰሙን ልትታጠብ ጓሮ ሄደች። ከወጣው ዕቃ ክምር ላይ ምንጣፉን ይዘው የነበሩት ስድስት ብሎኖች በጨርቅ ላይ ተደርድረው ነበር። አንዱን አነሳሁ። የበሩ መስታወት ወርዷል፤ መስታወቱ በሚገባበት ስንጥቅ ወደ በሩ ባዶ ሆድ ለቀቅሁት። ቃ! አለና ዝም አለ። ተመልሼ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የሰፋሁት ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

ከሰዓት በኋላ ላቀችና መሐንዲሱ ወደ ሮቢት ወጡ። ሲመለሱ መሐንዲሱ ግንባሩን ቋጥሮ ነበር።

«የሚገርም ነው» አለ። «ሁሉ ነገር ተኝቷል። ግን በሩ ውስጥ አንድ ነገር ቃ ቃ ቃ ይላል። ሌላው ሁሉ ዝም ስላለ እሱ ብቻ ጭንቅላቴን ቀጠቀጠው። ይህስ ከአገዳውም ይብሳል።»

አያ ምስጋናው ወደ ላቀች ዞረ። «ምንድን ነው ልጄ?»

ላቀች መሬት መሬት አየች። «አልሆነልኝም፣ አያ» አለች።

መሐንዲሱ ለሥራ ወደ ወልድያ ይቸኩል ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደሚመለስ፣ ያኔ የላቀች ሥራ ተፈትቶ አገዳው እንደገና ተስተካክሎ እንዲገባ ነግሮን ሄደ። አያ ምስጋናው መቀሱን ከወገቡ ፈትቶ ሰጠኝ። «ቃሌ ቃል ነው» አለ። ፊቱ ግን ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

ሦስት ቀን መቀስ ያዝኩ። ለካሁ፣ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ላቀች አጎንብሳ የቆረጥኩትን ሰፋች። «ይህን በነጠላ ነው በድርብ?» ትለኛለች። «በድርብ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። ሌላ ቃል የለም። ትወነጅለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ «የራስሽን ጉድለት በኔ አታላክኪ» ልላት። ቃሏን አጣሁት። መልስ አዘጋጅቶ ጥያቄ ማጣት እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል። በሁለተኛው ቀን የገዛ ሸራዬን አጣምሜ ቆረጥኩ። እሷ አቃንታ ሰፋችው፤ አያ ምስጋናውም አላወቀ።

መሐንዲሱ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ደረሰ። ከሩቅ ሳትታይ የምትሰማው መኪና ደጃችን ላይ ቆማ ነው ያየናት፤ ያ የበሩ ቃ ቃ ብቻ ቀድሟት መጣ። «በሉ ፍቱት» አለ። መፍታት የባለ መቀስ ሥራ ነው። የኔ ሥራ ነው። ካቻቢቴ ይዤ ከበሩ ሥር ተንበረከክሁ።

የበሩን ልባስ ገለጥ ሳደርግ ብሎኑ ታች ተኝቶ አየሁት። ከኔ በቀር ማንም አላየውም። አያ ምስጋናውና መሐንዲሱ ቆመው ያወራሉ። በመዳፌ ባነሳውና መቀነቴ ውስጥ ብከተው ነገሩ አለቀ፤ መቀሱ እስከ ዕድሜ ልኬ የኔ ነው። አነሳሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ስል ላቀች በላዬ ቆማለች። እጄን አላየችም፤ የምታየው ፊቴን ነው። የምትሰማ ነበር የምትመስለው።

ክፉ መሆን እችላለሁ፤ ክፉ ሆኜም አውቃለሁ። ግን አንጓ ቆጥሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስድስት ብሎን ወጥቶ አምስት ሲቀር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ተነሳሁና ብሎኑን ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሚዛን ሳህን ውስጥ ጣልኩት። ቃ! አለ። ሁሉም ዞሩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አያ ምስጋናው።

«የጎደለው ፍርድ ነው» አልኩ። «በሩ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። የላቀች ሥራ ምንም አላጠፋም።» መቀሱን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

አያ ምስጋናው እጁን አነሳ፤ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኑን ነው የጠረገው። መሐንዲሱ በሩን ገጥሞ ብቻውን እስከ ሮቢት መንገድ አጋማሽ ደርሶ ተመለሰና ወርዶ ላቀችን እጅ ነሳ። «ርግብ ሰማሁ» አለ። «በገዛ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ከማሽላው ውስጥ ርግብ ስትጮህ ሰማሁ!»

እሱ ሲሄድ ላቀችን ጓሮ ያዝኳት። «አውቀሽ ነበር አይደል?»

«ሮቢት ሳንደርስ» አለች። «ብሎን መሆኑን ከድምፁ አወቅሁ። ስንመለስ ክምሩን ቆጠርኩ፤ አምስት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ‹ቀንታ ነው› ባልሽ ነበር፤ አያም ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ዝም ካልኩ ግን አንቺ ራስሽ እንደምትናገሪ አውቅ ነበር። የሺ፣ አንቺ እኮ ፍርድ ሲጎድል ችለሽ አታውቂም።» ፈገግ አለች። «ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ፈርቼ ነበር።»

«ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ አቃጠልሽኝ!»

«አንቺስ?»

«እኔ የበደልኩሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው! አንቺ ሦስት ቀን!» አልኳት። እሷ ሳቋን ለቀቀችው፤ እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሒሳብ እስከ ዛሬ በመካከላችን አልተዘጋም።

መቀሱን ላቀች ያዘች። አያ ምስጋናው እስኪሞትና ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ እሷ ቆረጠች፣ እኔ ሰፋሁ። ከወልድያም ከአላማጣም ባለ መኪኖች «ያቺ የምትሰማዋ የታለች?» እያሉ ይመጡ ነበር። ያቺ የምትሰፋዋ የታለች ያለ አልሰማሁም። የኔ ስፌት ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ተተርትሮ አያውቅም፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ላቀች አሁን ሮቢት ከልጇ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ፋሲካ በሚኒባስ መጥታ ገና ከደጄ ሳትገባ «የሺ፣ የጓሮ ቧንቧሽ ያንጠባጥባል» አለችኝ። እኔ እዚያው ቤት ስኖር አልሰማሁትም ነበር። ልጆቼ «ወይ እማማ ላቀች!» እያሉ ከበቧት፤ እኔ ወጡን ሳማስል ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው ነገር ተገላበጠ። ካህኑ ቅናት በእርጅና ይበርዳል ብለውኛል። የኔ አልበረደም። ልክድም አልፈልግም፤ የክህደት ነገር አንዴ ሞክሬው አይቼዋለሁ።

ብዙ ነገር በሚዛን አካፍዬ አውቃለሁ፤ እህል፣ መሬት፣ የልጆቼን ልብስ። ማንም ጎደለብኝ ብሎ አያውቅም። ይህን አንዱን ግን ሳካፍለው አልሆነልኝም። ለሷም ሁለት ጆሮ፣ ለኔም ሁለት ጆሮ ከሰጠ በኋላ መስሚያውን ለምን ለሷ ብቻ እንደሰጠ፣ እፊቱ ስቀርብ ፈጣሪን እጠይቀዋለሁ።